ሀሮ ዐድ የተከፈተ ዕለት

ቀናው ልብስ ሰፊ ነው። ጅግጅጋ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ሲያሳጥርና ዲራ የሚባለውን የሶማሊ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ ሲሰፋ ሃያ አራት ዓመት ኖሯል። የተወለደው ጣና ዳር ነው፤ አባቱም አያቱም ከዓሣ በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም ነበር። እሱ አጎቱን በሱቅ ሥራ ሊያግዝ ለሦስት ወር ብሎ መጣ፤ አጎቱ ተመልሶ ሄደ፣ እሱ ቀረ። ሚስቱን ሙሉአለምን ያገባውም እዚሁ ነው። እሷ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት።

በጥር 2017 አንድ ማለዳ፣ ሱቁን ገና ከፍቶ ሳይጨርስ፣ አንዲት ሴት ትልቅ ማዳበሪያ ጆንያ እየጎተተች ገባች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈችው። የተወሳሰበ መረብ ነበር።

“መረብ ትጠግናለህ?” አለችው።

ቀናው ሳቀ። “እህቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።”

“እሱን አውቃለሁ። ግን የጣና ሰው ነህ አሉኝ። ሻይ የምትሸጠው ጎረቤትህ ናት የነገረችኝ።”

ስሟ ዒፍራህ ነው። በደገሀቡር መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሀሮ ዐድ የሚባል ቦታ አለ፤ የመጣችው ከዚያ ነው። ቦታው ድሮ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ግድብ ሲሠራበት ሜዳው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ በመጣው ድርቅ ደግሞ በዙሪያው ያሉት የሦስት መንደሮች ከብት አለቀ። ዝናብ ሲመለስና ግድቡ ሲሞላ ባለሙያዎች መጥተው የዓሣ ጫጩት ጨመሩበት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ተጠበቀ። አሁን ማኅበር አቋቁመዋል፣ ዒፍራህም ጸሐፊው ናት። አራት ጀልባም መጥቶላቸዋል።

“መረቡም መጣ” አለች። “የሚያውቅበት ሰው ብቻ ነው ያልመጣው።”

ቀናው ጎንበስ ብሎ የተቀደደውን ጫፍ አነሳ። ክሩን ሳብ አደረገው። ቋጠሮውን ከነካው ሃያ አራት ዓመት አልፎታል፤ ጣቶቹ ግን እሱን ሳይጠይቁ ክሩን አዞሩት፣ አሾለኩት፣ አጠበቁት። ዒፍራህ አፏን ከፍታ አየችው።

“እሁድ ሱቅ አልከፍትም” አላት።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየእሁዱ በሚኒባስ እየሄደ ያስተምራቸው ጀመር። አሮጌ ነጠላ ጫማ እየቆረጠ ተንሳፋፊ ሠራላቸው፤ ለክብደት የሚሆን ድንጋይ መረጠላቸው፤ ነፋሱ ከየት ሲመጣ ጀልባው በየት በኩል መዞር እንዳለበት አሳያቸው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ ሲያስረዳ የገበያ ሶማሊኛው ያልቅበታል። ያኔ ወደ ዒፍራህ ዞሮ በአማርኛ ይነግራታል፣ እሷ ታደርስለታለች።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የበለጠችው የዒፍራህ አክስት ባቱሎ ናት። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የግመል ጭነት ገመድ ስትገምድ ኖራለች። ቀናው ቋጠሮውን አንዴ ሲያሳያት ተገረመች።

“ይኸው ነው እንዴ? ይሄንንማ ግመል የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል!”

ያስቸገራት ውሃው ነበር። መጀመሪያ ጀልባ ላይ የወጣች ቀን የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የምታውቀውን ቁርኣን ሁሉ ቀራች። በሦስተኛው እሁድ እየዘፈነች ትቀዝፍ ነበር።

ቀናው ማታ ቤቱ ሲገባ ይዘፍናል። ሙሉአለም ይህን ከሠርጋቸው ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

ረመዳን አልፎ፣ ዒድ ተከብሮ፣ ሚያዝያ ሲገባ ውሃውን ለዓሣ ማስገር ለመክፈት ቀን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን ደንቡ በጉባኤ መነበብ ነበረበት። የሦስቱ መንደር ሰው ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ አደን መሃል ተቀመጡ። ሐጂ ጎልማሳ ሳሉ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ቀናው ዳር ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ መረብ ይጠግናል። ዒፍራህ ቆማ ማንበብ ጀመረች።

“አንደኛ። ሀሮ ዐድ ላይ መረብ የሚጥለው፣ ጀልባ ላይ የሚወጣውና ዓሣ ለገበያ የሚያቀርበው መሬቱ ውሃ የገባበት የሦስቱ መንደር ሰው ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ማንም ሰው ውሃው ላይ ወጥቶ መረብ በእጁ አይነካም።”

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ዒፍራህ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ዓይኗንም ከወረቀቱ አላነሳችም። ቀናው ሻዩን ጨረሰ። የጀመረውን ቋጠሮ ቋጠረ። ከዚያ የሚኒባሱ ሰዓት ደርሷል ብሎ፣ አጠገቡ ያሉትን ተሰናብቶ ሄደ።

ሙሉአለም ፊቱን አይታ እራቱን ሳታቀርብ ጠየቀችው። ነገራት።

“ታዲያ ደንቡ ምን አጠፋ?” አለችው።

“ምንም። ትክክል ነው። ውሃው ሥር ያለው የነሱ ሣር ነው።”

“እና ምን ሆንክ?”

“አንዴ መረብ እጥላለሁ ብዬ ነበር። አንዴ ብቻ።”

“ሂድና ንገራቸዋ።”

“ብነግራቸው እሺ ይሉኛል። እሱን ፈርቼ ነው የማልነግራቸው። ገና ውሃው ሳይከፈት በኔ ምክንያት ደንብ ይፍረስ?”

ሙሉአለም እጁን ያዘችው።

በሚቀጥለው እሁድ አልሄደም። ዒፍራህ ስትደውል የሠርግ ልብስ ተደራርቦብኛል አላት። እርግጥ ሠርግ ነበረ፤ ግን እሁድን የሚያስዘጋ አልነበረም። በሳምንቱም አልሄደም። ማክሰኞ ጠዋት የሱቁ በር ጨለመ። ቀና ሲል ሐጂ አደን በሩን ሞልተውት ቆመዋል። ዒፍራህ ከኋላቸው ናት።

“ቀናው፣ አኩርፈሃል አሉ” አሉት።

“ኧረ ሐጂ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።”

ሐጂ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ ሲሉ አግዳሚው ሲጥ አለ። “ሌላ ውሃ አውቃለሁ” አሉ። “ስሙን አልነግርህም። እንደኛው ዓሣ ነበረው። ከሩቅ የመጡ ሰዎች በትልልቅ መረብ በአንድ ወር ጠርገውት ሄዱ። ያገሩ ሰው ዳር ቆሞ አየ። አንደኛው ደንብ ለዚያ ነው፤ አንተን ብለን አይደለም።”

“አውቃለሁ ሐጂ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማወጣው።”

“አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ እስከ አምስተኛው ትቆይ ነበር። ዒፍራህ፣ አንብቢለት።”

ዒፍራህ ሳቋን እየዋጠች ወረቀቱን አወጣች። “አምስተኛ። ውሃው በሚከፈትበት ቀን ሁሉ መረብ የሚለካ፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ የወጣውን ዓሣ የሚያይ አንድ ዳኛ ይኖራል። ዳኛው ጀልባ ላይ ዘመድ የሌለው፣ ከዓሣው ድርሻ የማያነሳ፣ መረብ የሚያውቅ ሰው ይሆናል።”

“በሦስቱም መንደር ፈለግን” አሉ ሐጂ። “ዘመድ የሌለው ሰው አጣን። አንድ ሽማግሌ ተገኝተው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ መረብና ወንፊት አይለዩም።”

ቀናው ሳቀ። ሳቁ ሳያስበው ከሆዱ ነው የወጣው። “እርስዎንም እለካለሁ?”

“እኔን ነዋ መጀመሪያ!”

ውሃው የተከፈተው በሚያዝያ መጨረሻ ሐሙስ ቀን ነው። ቀናው ከጅግጅጋ ሆቴሎች በተላከችው በረዶ በጫነች አይሱዙ ጋቢና ተቀምጦ ደረሰ። የሱብሂ ሶላት አልቆ ሰዉ ወደ ውሃው እየወረደ ነበር። ሴቶቹ ለዒድ ያሰፉትን ዲራ ለብሰዋል። ከነዚያ ውስጥ ሦስቱን የሰፋው ራሱ ቀናው ነው። አራቱ ጀልባዎች አፋቸውን ወደ ውሃ አዙረው ተደርድረዋል።

ሁለተኛው ደንብ የመረብ ዓይን ሲለጠጥ ከአራት ጣት አይነስ ይላል። ቀናው የመጀመሪያውን ጀልባ መረብ በራሱ ጣት ለክቶ አሳለፈ። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ።

“የልብስ ሰፊ ጣት ቀጭን ነው!” አለ አንዱ። “በሱ ከተለካ ሁሉም ያልፋል።”

“በማን ይለካ ታዲያ?” አለች ባቱሎ።

“በሐጂ!”

ሐጂ አራት ጣታቸውን ዘረጉ። ሰዉ አየና ሳቀ፤ በዚያ ከተለካ በዓለም ላይ የሚያልፍ መረብ የለም። ባቱሎ የራሷን አቀረበች፣ ሌላዋ የሷን። ዒፍራህ ወረቀቱን እያገላበጠች “ደንቡ የማን ጣት እንደሆነ አይልም” ስትል ጫጫታው ጨመረ። ፀሐይ ልትወጣ ነው።

ቀናው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ለሃያ አራት ዓመት ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ለመክፈቻውም ሳያስበው አጥልቆት ነው የመጣው። “ዒፍራህ፣ ባለሙያዎቹ የሰጧችሁ ወረቀት ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ይላል?”

“ስምንት።”

“አራት ጣት ማለት ስምንት ነው። አለቀ።”

ሜትር የማይዋሽ መሆኑን የጅግጅጋ ሰፊ ጋ ልብስ ያሰፋ ሁሉ ያውቃል፤ ተስማሙ። ከመጀመሪያው ጀልባ እንደገና ጀመረ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የባቱሎ ስምንት ተኩል ሆነ፣ እልል አለች። አራተኛው የሐጂ ጀልባ ነበር። መረቡ ከድሬዳዋ የመጣ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። ቀናው ለካ። ሌላ ዓይን መርጦ ለካ። ጫፍ ሄዶ ደገመ።

“ስድስት ነው ሐጂ” አለ ቀስ ብሎ።

ሰዉ ሜትሩን ለማየት ተጠጋ።

“ሲረጥብ ይሰፋል ብሎኛል የሸጠልኝ ሰው” አሉ ሐጂ።

ቀናው መረቡን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ለካ። “አሁንም ስድስት ነው።”

ሐጂ መረቡን አዩት፣ ሜትሩን አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

“ደንቡን ማነው ያወጣው?”

“እርስዎ!” አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

“ያጠፋሁት እኔ ነኛ!” ብለው መረቡን ጠቅልለው ዳር ወረወሩት።

“ሐጂ!” ብላ ጮኸች ባቱሎ ከጀልባዋ። “ውሃ የሚጨልፍልኝ ሰው ጎድሎኛል!”

ሐጂ አደን ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ለሁለት የተቆረጠ ጄሪካን ይዘው ባቱሎ ጀልባ ውስጥ ሲገቡ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ። ቀናው የማስጀመሪያውን ፊሽካ ነፋ።

ሦስት ጀልባ ወጣ። ቀናው ዳር ቆሞ መረቦቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ተመለከተ። ተንሳፋፊዎቹ በተርታ ሲቆሙ፣ ድንጋዩ ሲሰምጥ፣ ቀዛፊዎቹ እሱ ባሳያቸው በኩል ሲዞሩ አየ። ልቡ አብሯቸው ይቀዝፍ ነበር። ቅር ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ግን ትንፋሹን ይዞ ከመመልከት በቀር ለቅሬታ ጊዜ አላገኘም።

ሦስት ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ጀልባ ተመለሰ። ወለሉ ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ ተሸፍኗል። ሰዉ ወደ ውሃው ሮጠ፤ ዒፍራህ “ደንብ! ደንብ!” እያለች መለሰቻቸው። ቀናው የመጀመሪያውን ቆሮሶ በሁለት እጁ አነሳ። እጁ ውስጥ ተወራጨ። ጅግጅጋ ከመጣ ወዲህ ነፍስ ያለው ዓሣ ነክቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ከልክ በታች የሆኑትን ወደ ውሃው እንዲመለሱ ለየ። አንዷን ግን አገላብጦ ሲያይ አፏን በቀስታ ከፈተው።

“ኑ እዩ” አለ። ሴቶቹ ከበቡት። አፏ ውስጥ እንደ ዘንጋዳ የደቀቀ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል።

“እንቁላሏን በአፏ?” አለች አንዷ። “ታዲያ ምን ትበላለች?”

“አትበላም። እስኪፈለፈሉ ትጾማለች።”

“ልቀቃት! ልቀቃት!” አሉ ሁሉም። ቀናው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ለቀቃት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ጀልባዎች ወጥተው ጨርሰዋል። የባቱሎ ብቻ ቀረች። ሦስተኛው ደንብ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲጀመር መረቡ ውሃ ውስጥ የተገኘ ጀልባ የሚቀጥለው መክፈቻ ላይ አይወጣም ይላል። ከዳር ሲታይ ባቱሎና ሁለቱ ቀዛፊዎቿ ይጎትታሉ፣ መረቡ አይመጣም። ሐጂ ጭለፋውን ትተው አብረው ጎተቱ። ጀልባው እንጂ መረቡ አልተነቃነቀም።

“ቀናው!” ብላ ጮኸች ባቱሎ። “ዛፍ ያዘው! በዚያኛው ጀልባ ድረስልን!”

እዚያ ቦታ ላይ ውሃው ሥር የሰመጡ ግራሮች አሉ። ቀናው እንደዚህ ያለ መረብ በልጅነቱ ስንቴ አላቅቋል! ባዶው ጀልባ አጠገቡ ቆሟል። አንድ እግሩን አነሳ። ከዚያ መልሶ መሬት ላይ አደረገው።

“እኔ ውሃው ላይ መረብ አልነካም!” ብሎ ጮኸ። “አትጎትቱ! በጎተታችሁት ቁጥር የግራሩ እሾኽ ይነክሰዋል!”

ሐጂ ቢላ አወጡ።

“አትቁረጡ! ዒፍራህ፣ አትቁረጡ በያቸው! መረቡን ከጣላችሁበት በኩል ተመለሱ በያቸው! ቅርንጫፉን አልፋችሁ፣ ከኋላው!”

ዒፍራህ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሶማሊኛ ደገመችው። ዳር ያለው ሰው ሁሉ ተቀበላት። መቶ ሰው አንድ ላይ “ከኋላው! ከኋላው!” አለ። ጀልባዋ ዞረች።

“አሁን ወደ ላይ! ወደ ጎን አይደለም፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ! ቀስ! አላሉ! አሁን አንሱ!”

መረቡ ተላቀቀ። ሐጂ ወደ ኋላ ተንከባለሉ፣ ባቱሎ ሳቀች፣ ተነሱ፣ አራቱም ጎተቱ። መረቡ ሲወጣ ከዓሣው ብዛት ነጭ ሆኖ ነበር፤ በመሃሉ የሰው እግር የሚያህሉ አምባዛዎች ይገላበጣሉ። ገና አሥር ክንድ ሲቀር ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ “እፍ፣ እፍ” የሚል ተሰማ። ሙአዚኑ ማይክራፎኑን እየሞከረ ነው።

“ቶሎ!” አለ ሕዝቡ።

የመረቡ የመጨረሻ ተንሳፋፊ ጀልባዋ ውስጥ ሲወድቅና “አላሁ አክበር” ሲባል የትኛው እንደቀደመ ሁሉም አይቷል፤ ግን አንድ የሌላው ጀልባ ሰው “እፍ ሲል ውሃ ውስጥ ነበር!” ብሎ ተነሳ። ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረ።

ቀናው አሰበ። “እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እናንተ ታውቃላችሁ” አለ። “ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከመስጊድ አጠገብ ነው የኖርኩት። ማይክራፎን መንፋት አዛን ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ባቱሎ በሰዓቷ ወጥታለች።”

የተከራከረው ሰውዬ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ባቱሎ ከነጫማዋ ውሃ ውስጥ ዘልላ ወረደችና መጥታ ግንባሩን ሳመችው። ከኋላዋ ሐጂ እስከ ጢማቸው ረጥበው ወጡ።

“ቢላዬን የከለከልከኝ አንተ ነህ?” አሉ።

“እኔ ነኝ ሐጂ።”

“አላህ ይስጥህ። ብቆርጠው ኖሮ ይህች ሴት እኔን ትቆርጠኝ ነበር።”

ከሶላት በኋላ ዒፍራህ ድንጋይ ላይ ወጥታ መዝገቡን አነበበች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቆሮሶ፣ ሠላሳ ሰባት አምባዛ፣ የተመለሱ ሃያ ዘጠኝ። በየቁጥሩ እልልታ ነበር። በረዶው ላይ የተደረደረው ዓሣ ለጅግጅጋ ከተሸኘ በኋላ ለመንደሩ የቀረው ተጠበሰ። ሩዝ፣ ሎሚና ባስባስ የሚባለው የሚያቃጥል ስጎ ቀረበ። ከመሃላቸው ዓሣ በልቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ የሚቀምስ ጠፋ። ባቱሎ አንድ ቁራጭ አነሳች፣ አሸተተች፣ ጎረሰች። ሁሉም አፏን ያያል።

“እሾኹን ብንተወው” አለች እያላመጠች፣ “ከፍየል አያንስም።” ሁለተኛ ጎረሰች። “እንዲያውም ፍየሉ የማን እንደሆነ ካየሁ በኋላ ነው የምፈርደው።”

እጅ በየሰሃኑ ገባ። ቀናው በሐጂና በባቱሎ መሃል ተቀምጦ እሾኽ አለቃቀም ሲያስተምር ዋለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤቱ ሲደርስ ሙሉአለም ግቢ ውስጥ ልብስ እየሰበሰበች ነበር። በእጁ የያዘውን ፌስታል አየች።

“ድርሻ የለህም አላልከኝም?”

“ለመጣ እንግዳ ሁሉ ለድስት የሚሆን ሁለት ዓሣ ይሰጣል። ስድስተኛው ደንብ ነው።”

“መረብ ጥለህ ቢሆን ኖሮስ ይሻልህ ነበር?” አለች ፊቱን እያየች።

ቀናው መልሱን ፈለገ። “አላውቅም” አለ። “ዛሬ ግን አልጎደለኝም።”

ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ቢላ ጠየቃት፣ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ቅርፊቱን ማራገፍ ጀመረ። የግቢው ሰው ድምፁን ሰምቶ አንድ በአንድ ወጣ። ሁለት ዓሣ ለስድስት ቤተሰብ እንዴት እንደሚዳረስ እየተጨቃጨቁ ምድጃውን አቀጣጠሉ።